ለማክዳ ድንች ፍለጋ ወደ ቡሬ

ዓርብ፣ ከማለዳው 12 ሰዓት፤ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ

ሚኒባሱ «ሦስት ሰው ብቻ!» እየተባለ ቆሟል። በእጄ ባዶ ዘንቢል ይዣለሁ፤ በጆሮዬ ደግሞ ባለቤቴ ሕይወት የሰጠችኝ ማስጠንቀቂያ አለ። ልጃችን ማክዳ ስድስት ወር ሞልቷት እሑድ ከጡት ሌላ ምግብ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትቀምስ ነው። ሕይወት ደግሞ «የልጄ የመጀመሪያ ጉርሻ ኬሚካል የተረጨበት አትክልት አይሆንም» ብላ ቆርጣለች። የከተማውን ቸርቻሪ ሁሉ ተጠራጥራ ጨርሳለች። «ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» የተባለው ለእሷ ይመስለኛል። እኔ በበኩሌ ታጥቦ የተበላ ነገር ሰው አይገድልም ባይ ነኝ፤ ይህን አስተያየቴን ግን ቤት ውስጥ የጠየቀኝ የለም።

2 ሰዓት ተኩል፤ ፍኖተ ሰላም

ደምበጫን ካለፍን በኋላ ጭጋጉ ተገፎ ፀሐይ ወጣች። ሾፌሩ ለሩብ ሰዓት ሲያወርደን፣ መንገድ ዳር ሸራ ዘርግተው ቲማቲም፣ ቃሪያና አቮካዶ ወደሚሸጡት ሴቶች ሄድኩ።

«እህቴ፣ ይሄ ቲማቲም የተረጨ ነው ያልተረጨ?»

«የትኛውን ነው የሚፈልጉ?»

«ያልተረጨውን።»

«እንግዲያስ ያልተረጨ ነው።»

«ያኛው መደብስ?»

«እሱም ያው ነው፤ የአንድ እናት ልጆች ናቸው!»

እሷም ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ቲማቲሙን ትቼ አቮካዶ ገዛሁ፤ «ዛፍ ላይ ወጥቶ ማን ይረጨዋል?» ስትለኝ አመንኳት።

3 ሰዓት ተኩል፤ ከማንኩሳ ወደ ቡሬ

አሁን ጋቢና ነኝ። ሾፌሩ የምፈልገውን ሲሰማ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ ምክር ጀመረ።

«ትል የበላውን ግዛ። ትል መርዝ አይበላም፤ ከኛ ይልቅ ጠንቃቃ ነው።»

«አንተ ትል የበላውን ትገዛለህ?»

«እኔማ ይዤ ብገባ ሚስቴ ከነዘንቢሉ ታስወጣኛለች!»

ጋቢናው በሳቅ ተሞላ። ቡሬ እስክንገባ አንድ ፍተሻ ብቻ ነው ያስወረደን።

6 ሰዓት፤ ከቡሬ ወጣ ብሎ

ከቡሬ በባጃጅ፣ ከዚያም በእግር አያ ደምሌ ቤት ደረስኩ። አያ ደምሌ ገበሬ ናቸው፤ እዚህ ቀበሌ ሳስተምር ሦስት ዓመት በግቢያቸው ኖሬያለሁ። ትናንት ስደውል «ልጠይቃችሁ እመጣለሁ» ብቻ ነበር ያልኩት። ከዓመታት በኋላ ደውሎ ድንችና ካሮት መለመን ነውር መስሎኝ ጉዳዬን በሆዴ ይዤ መጣሁ።

ባለቤታቸው እትየ ጥሩ ምሳ አቀረቡ። ቀኑ ጾም ነውና ሽሮ፣ ጥቅል ጎመን በካሮት፣ የቲማቲም ቁርጥ በቃሪያ። ቲማቲሙ ደም ይመስላል። እየጎረስኩ፣ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ።

«ይሄ ነው እንጂ አትክልት! ያልተረጨ ነገር እኮ ጣዕሙ ራሱ ያስታውቃል!»

አያ ደምሌ ጉርሻቸውን እንደያዙ ቀሩ። እትየ ጥሩ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ።

«እሱስ፣ መምህር፣ በጠዋት ከቡሬ ገበያ ያስመጣሁት ነው» አሉ። «የኛ የጓሮው ትል የበሳሳው ነው። አንተን ያህል እንግዳ መጥቶ እሱን ላቅርብ?»

ክው አልኩ። አያ ደምሌ እስኪያስላቸው ሳቁና ከምሳ በኋላ ይዘውኝ ወጡ። ወንዙ ዳር በመስኖ የለማው የቲማቲም ማሳቸው ገና አልቀላም እንጂ ለዓይን ያሳሳል፤ እሱ ይረጫል፣ ለገበያ ይወጣል። ከቤቱ ጀርባ ያለችው ጠባብ ጓሮ መድኃኒት አይነካትም፤ እሷ የቤተሰቡ ናት።

«ምነው አያ፣ ያንንም ሳይረጩ ቢሸጡት?»

«ነጥብ ያለባትን ቲማቲም ይዤ ብወጣ ማን ይገዛኛል? አንተስ ገዝተህ ታውቃለህ?»

ገበያ ስሄድ እያንዳንዷን ቲማቲም አገላብጬ፣ ጭረት ያለባትን ወደ መደቧ እንደምመልስ ትዝ አለኝ።

«አላውቅም» አልኩ።

«ቆንጆ ቆንጆውን እየመረጣችሁ እኮ ነው መርጫ ያሸከማችሁን። እኔ የረጨሁ ለት ዓይኔ ሲያቃጥለኝ ያድራል።»

የምር አፈርኩ። ወደ ቤት ስንመለስ ስለ ማክዳ ነገርኳቸው። እትየ ጥሩ ብድግ አሉ።

«ለሕፃን ነው ካልክማ! ምነው በስልኩ ብትለኝ!»

ዘንቢሉን ነጥቀውኝ ወደ ጓሮ ገቡ። ልርዳዎት ብል «እንግዳ መሬት አይቆፍርም» ብለው መለሱኝ። ሲመጡ ዘንቢሉ ሞልቶ፣ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ነበር።

12 ሰዓት ተኩል፤ ቤት

ሕይወት ማክዳን አቀበለችኝና ቅጠሉን ገለጠች። ከላይ የተደረደሩት አንድ ነጥብ የሌለባቸው፣ የሚያብረቀርቁ ቀያይ ቲማቲሞች ናቸው።

«ለዚህ ነው ቡሬ ድረስ የሄድከው?»

ማክዳን እንደታቀፍኩ እኔም ወደ ዘንቢሉ አጎነበስኩ። እሷ ቲማቲሞቹን እያወጣች ወደ ዘንቢሉ ሥር ዘለቀች። ከሥር አፈር ያልለቀቃቸው ትናንሽ ድንቾች፣ እግር ያወጡ ጎባጣ ካሮቶችና ትል የበሳሳው ጎመን ተገኙ። ነገሩ ያኔ ገባኝ። እትየ ጥሩ ለማያውቋት ሴት የተበሳሳ ጎመን ብቻ መላክ አፍረው፣ ከምሳው የተረፈውን የገበያ ቲማቲም ከላይ ደርድረውበታል። ከምሳው ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳት። ስትስቅ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

እያወራን ስልኬ ጠራ፤ እትየ ጥሩ ናቸው። ሕይወት ተቀበለችኝ። ድምፃቸው ከስልኩ ውጭ ይሰማል። ከሰላምታው ቀጥሎ የጠየቁት ስለ ድንቹ አልነበረም።

«ልጄ፣ ቲማቲሙ ሳይፈርጥ ደረሰልሽ?»

ሕይወት አየችኝ።

«አንድም አልፈረጠ እትየ! እንዴት እንደሚያምር!»

ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል እንደያዘች፣ አንዱን አጥባ ገመጠችው።