ኮቴ የማይደርስበት መደብ

ሸክላ መዞር ሲጀምር፣ ዘፈኑ ሳይመጣ በፊት፣ ተልባ ሲቆላ እንደሚንጣጣው ያለ ድምፅ አለው፤ ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እርጥብ ጭቃና ጭድ ይሸተኛል፣ እግሬም ሳላዝዘው ከወለሉ ብድግ ይላል። ባለቤቴ መጀመሪያ መጀመሪያ ይስቅብኝ ነበር፣ አሁን ለምዶታል። ነገሩን ግን ለእሱም ሙሉውን ነግሬው አላውቅም። እዚህ የምጽፈውም የአባዬ ዓይን ለማንበብ እንቢ ካለ ስለቆየ ነው።

ያደግሁት ጅጋ ነው። አባዬ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሰፈራችንን ምስጥ ክፉኛ ያስቸግረው ስለነበር አባዬ የቤቱን ወለል ከመሬት ከፍ አድርገው በጣውላ አስመትተውት ነበር፤ ከእኛ በቀር ባለጣውላ ስላልነበረም እንግዳ ሲመጣ ሆን ብለው ተረከዛቸውን ጠበቅ እያደረጉ ይረግጡት ነበር። አንድ ጥር ላይ ቡሬ ያለች ባለመጠጥ ቤት ቴፕ ገዝታ የድሮ ሸክላ ማጫወቻዋን ለሽያጭ ስታወጣ፣ አባዬ ከጥቂት ሸክላዎች ጋር ገዝተው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ አውቶቡስ ላይ ከጭናቸው ሳያወርዱ ይዘዋት መጡ። ክዳኗ እንደ ሻንጣ የሚዘጋ፣ ስድስት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ የምትበላ ዕቃ ነበረች።

መጀመሪያ የስፌት መኪናቸው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጧት። እናቴ ወጥ ልታማስል ሁለት እርምጃ ስትራመድ ጣውላው ተነቃነቀ፣ መርፌዋ ዘለለች፣ ዘፋኙም የጀመረውን ቃል ሳይጨርስ ሌላ ስንኝ ጀመረ። ከዚያ ወዲያ ወሩ ሙሉ ማረፊያ ፍለጋ ሆነ። የእህል ሳጥኑ ላይ አደረጓት፣ መንቀጥቀጡ ባሰ። የመስኮቱ ደፍ ጠበበ። አልጋው ረገበ። አንድ ቀን ደግሞ ከጣሪያው እንጨት በገመድ አንጠልጥለዋት ስትወዛወዝ ዋለች፣ እናቴም በሩ ላይ ቆማ «ኧረ እርስዎ፣ ለልጆችዎ እንኳ እንዲህ ያለ መኝታ አልፈለጉላቸው» ብላ ሳቀች። አባዬ አልሳቁም። የመለኪያ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ በየጥጉ እያስቀመጡ እኔንና እህቴን «እስቲ ሂዱ» ይሉን ነበር። ውሃው ከተነቃነቀ ቦታው አይሆንም ማለት ነው። ሁሌም ይነቃነቅ ነበር።

እህቴ ይታይሽ ትባላለች፣ እኔ እታለም ነበር የምላት። እኔ ስምንት፣ እሷ አሥራ ሦስት ዓመታችን ነበር። መራመድ የሚባል ነገር አታውቅም፤ ወይ ትሮጣለች ወይ ትዘላለች። ገና ደጃፉን ስትረግጥ የቁም ሳጥኑ ብርጭቆ ይንጫጫ ነበር፣ እናቴም ከሥራዋ ቀና ሳትል «ገባች» ትል ነበር።

ዓቢይ ጾም ሲያዝ አባዬ ማጫወቻዋን በነጠላ ሸፍነው ቆለፉባት። የፋሲካ ዕለት ከሰዓት በኋላ ወዳጆቻቸው መጥተው ሲቀመጡ አወጧትና ከሁሉ አብልጠው የሚወዱትን ሸክላ አደረጉ፤ መሰንቆ ያለበት፣ ረጋ ያለ ዘፈን ነበር። እንግዶቹ ጠላቸውን እንደያዙ ጸጥ አሉ። እታለም ዳቦ ይዛ መሀል ወለሉ ላይ ቆማለች። እኔ ከመጋረጃው ወዲያ አልጋ ላይ ቆሜ ነበር። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አዲሱ ቀሚሴ እንዴት እንደሚነፋ ለማየት ብዬ ከአልጋው ዘለልሁ። ጣውላው እንደ ከበሮ ጮኸ፣ መርፌዋም ሸክላውን ጥርስ በሚያሳምም ድምፅ ጫረችው። እኔ መጋረጃው ውስጥ ተጠቅልያለሁ። አባዬ ዘወር ሲሉ ያዩት እታለምን ነው።

«ሁለተኛ የእግርሽን ኮቴ በዚህ ቤት አልስማ» አሏት።

እታለም መጋረጃውን አየት አድርጋ አንገቷን ደፋች። እናቴ «ኧረ እባክዎን፣ በዓመት በዓል ለልጅ እንዲህ አይባልም፣ ቃሉን ይመልሱት» ብላ ለመነቻቸው። «ተናገርሁ» አሉ አባዬ፣ የማጫወቻዋንም ክዳን ዘጉ።

ማታ አልጋ ውስጥ «ለምን እኔ አይደለሁም አላልሽም?» አልኋት። «አንቺማ አንድ ኩርኩም ብትቀምሺ ሳምንት ታለቅሻለሽ» አለች እየሳቀች፤ «ይልቅ ሳምንት ሙሉ በእኔ ተራ ውሃ ትቀጃለሽ።» ሁለት ቀን ቀዳሁላት። በሦስተኛው ቀን ረሳሁት፣ እሷም አላስታወሰችኝም።

ግንቦት ላይ አባዬ መላውን አገኙት። የሚኮሩበትን ጣውላ በጥጉ በኩል በመጋዝ ቆርጠው አነሱና፣ ከታች ካለው መሬት ተነስተው የጭቃ መደብ መሥራት ጀመሩ፤ ጣውላው ቢንቀጠቀጥ መደቡን አይነካውም። ጭቃውን ከጭድ ጋር ያቦካችው እታለም ነበረች፤ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ግማሽ ቀን በእግሯ ረገጠችው። እኔ አጥሩ ሥር ተቀምጬ ማንጎ እመጥጥ ነበር። «ነይ እንጂ፣ አብረን እንርገጥ» አለችኝ። ቀሚሴ ይቆሽሻል አልኋት።

መደቡ ሲደርቅ አባዬ ብርጭቆውን አስቀምጠው «ይታይሽ፣ እስቲ ሂጂ» አሏት። በጣቶቿ ጫፍ፣ እንደ ድመት፣ ቤቱን አቋርጣ ሄደች። ከፋሲካ ጀምሮ አካሄዷ ያ ነበር። «እንደ ወትሮሽ ሂጂ እንጂ» አሏት፣ ድምፃቸው ለስለስ ብሎ። «መሄዴ ነው፣ አባዬ» አለች። ውሃው አልተነቃነቀም። አባዬ ብርጭቆውን ብዙ አዩት፣ ደስ ያላቸው ግን አይመስሉም ነበር።

ክረምቱን ሙሉ፣ የተጫረችው ሸክላ ተቀምጣ፣ ከሌሎቹ ሸክላዎች መርፌዋ ሳትዘል ዘፈን ሰማን፣ እታለምም በጣቶቿ ጫፍ ትሄድ ነበር። ዝናቡ አባርቶ ጥቅምት ሲገባ ሰፈሩን ወባ መታው። እኔም ታመምሁ፣ እሷም ታመመች። ፍኖተ ሰላም ወስደው አሳከሙን። እኔ ዳንሁ። እሷ በአራተኛው ቀን ሞተች።

በለቅሶው ሰሞን ሰዉ ከነጫማው በጣውላው ላይ ሲመላለስ ቤቱ ኮቴ ብቻ ነበር። አባዬ መደቡን ተደግፈው ተቀምጠው፣ ለማንም ሳይሆን፣ «አልስማ አልሁ፤ ይኸው አልሰማሁም» ይሉ ነበር። የነፍስ አባታችን መጥተው «በንዴት የወጣ ቃል ነው፣ እግዚአብሔር ልብን ያያል» ብለው ስግደት አዘዙላቸው፤ አባዬ ጉልበታቸው እስኪላላጥ ሰገዱ፣ ቃሉ ግን አለቀቃቸውም። ያ ኮቴ የእኔ እንደነበር የማውቀው ደግሞ እኔ ብቻ ቀረሁ። ልናገር አጠገባቸው ሄጄ፣ አፌን ከፍቼ፣ ውሃ ልስጥዎ ወይ ብዬ ተመልሻለሁ። ዱላ እፈራ ነበር። ከዱላውም በላይ ቃሉ አቅጣጫውን አርሞ ወደ እኔ እንዳይመጣ እፈራ ነበር። ጣውላው በራሱ ሲንቋቋ እንኳ ብርድ ልብሴን እከናነብ ነበር፣ ቃሉ ትክክለኛዋን ልጅ ፍለጋ የመጣ ይመስለኝ ነበርና።

ዓመት ሙሉ ማጫወቻዋ አልተከፈተችም። ሙት ዓመቷ ወጥቶ ዘመድ ከተሸኘ በኋላ እናቴ፣ ጥቁሯን ሳትለውጥ፣ «ያችን ሸክላ ያሰሙኝ» አለች። አባዬ መጀመሪያ እንቢ አሉ፣ ቆይተው ተነስተው አደረጉላት። ሦስታችንም ተቀምጠናል፣ የሚራመድ የለም፣ መደቡም ንቅንቅ አይልም። ዘፈኑ መሀሉ ላይ ሲደርስ መርፌዋ ዘለለች። የፋሲካው ጭረት ነው፤ አባዬም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። እናቴ ግን ከፈትሏ ቀና ሳትል «ገባች» አለች።

አባዬ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው እስኪወጣላቸው አለቀሱ። ከዚያ ወዲያ «አልሰማሁም» ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ያችን ሸክላ ያደርጓት ነበር፤ ሁለቱም አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይጠብቃሉ፣ መርፌዋ ትዘላለች፣ እናቴ «ገባች» ትላለች፣ አባዬም «ገባች» ይላሉ። ሌላ ልቅሶ የለም። እኔ እግሬን አንስቼ እቀመጥ ነበር።

እናቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። አባዬን እኔ ዘንድ፣ ፍኖተ ሰላም፣ አምጥቻቸዋለሁ፤ ማጫወቻዋን ይዘው መጡ፣ መደቡን ግን መሸከም አይቻል። ቤቴ የብሎኬት ነው፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ሰው ቢሮጥበትም አይሰማ። አያስቸግርም ብዬ ነበር። ፍሪጁ ላይ ባደርጋት ሞተሩ ነዘራት፣ የመስታወት ጠረጴዛው ላይ አንሸራተተች፣ አናጢ ጠርቼ ግድግዳው ላይ መደርደሪያ ባስመታ ጭነት መኪና በመንገዱ ባለፈ ቁጥር ተንቀጠቀጠ። አባዬ ብርጭቆ ውሃቸውን ይዘው፣ ዓይናቸው ደክሟልና ጣታቸውን ውሃው ላይ አስነክተው፣ «አይሆንም፣ ልጄ» ይላሉ። በመጨረሻ «መደብ ነው እንጂ» አሉ።

ባለቤቴ «በዚህ ዘመን ሳሎን ውስጥ ጭቃ?» አለ፣ ግን ጭዱን ያመጣው እሱ ነው። ጓሮ ወርጄ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ በዚህ ዕድሜዬ ጭቃውን ግማሽ ቀን ረገጥሁት። ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «ምነው እቴ፣ ሠራተኛ ጠፋ?» አለችኝ። ውዝፍ ሥራ ነው አልኋት።

ባለፈው ጥቅምት መደቡ ደርቆ ማጫወቻዋን አስቀመጥንበት። አባዬ ጣታቸውን ውሃው ላይ አቆዩና «ይሆናል» አሉ። ሸክላዋን አደረግሁ፣ ተልባው ተንጣጣ፣ መሰንቆው መጣ። ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። ልጅ ሳለሁ ዝም ያልሁት ለራሴ ፈርቼ ነው፤ አሁን የሚመታኝም የሚረግመኝም የለም፣ አንድ ቃል ተናግሬ መገላገል እችላለሁ። ዘፈኑ መሀሉ ላይ ደረሰ፣ መርፌዋ ዘለለች። የአባዬ ፊት በራ። ያ ዝላይ የእኔ ነው ብላቸው፣ ከእሷ ለእሳቸው ምን ሊቀራቸው ነው?

«ገባች» አሉ፣ ወደ እኔ ዞረው፣ የእናቴን ቃል ከእኔ እየጠበቁ።

«አዎ አባዬ» አልኋቸው፣ «ገባች።» እግሬንም ከወለሉ አንስቼ ወንበሩ ላይ ሰበሰብሁት።