ቤንዚኑን ማን ጠጣው?

ባንቲሁን ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ የወረደው በባቡር ነው፤ እንደ ተሳፋሪ ግን አልነበረም። የባቡሩን እሳት የሚቀልብ ሠራተኛ ሆኖ ስምንት ዓመት ከሰል በአካፋ ሲወረውር ኖረ። እሳቱ ዓይኑን እያደከመው ሲመጣ ያን ሥራ ተወና ወደብ ላይ ጆንያ ተሸካሚ ሆነ። ሚስት አላገባም። ወሬም አያበዛም። የሚያውቁት ሁሉ «ባንቲሁን ሲቸኩል አይቼው አላውቅም» ይላሉ፤ ገሚሱ ለሙገሳ፣ ገሚሱ ለሐሜት።

መሪ መያዝ ያስተማረው የአገሩ ሰው እሸቴ ነው። እሸቴ የሀጂ አብዱልፈታሕን የጭነት መኪና ስድስት ዓመት ነድቷል። ከአምቡሊ የአትክልት ቦታዎች የመጠጥ ውሃ በበርሜል እየጫነ ወደብ ለቆሙት መርከቦች ያደርሳል። በ1924 ዓ.ም. ግንቦት ላይ አንድ ጠዋት ሞተሩን ለማስነሳት ማንቬላውን ሲያዞር፣ ብረቱ ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ ክንዱን ሰበረው። «እስክድን ባንቲሁን ይንዳልኝ፤ እንደ ወንድሜ ነው» ብሎ መኪናውን አስረከበው።

ነገሩ የተበላሸው ባንቲሁን ሥራውን በደንብ በመሥራቱ ነው።

በእሸቴ ጊዜ አንድ ቆርቆሮ ቤንዚን ስድስት ምልልስ ያስኬድ ነበር። በባንቲሁን እጅ ዘጠኝ አስኬደ። ሀጂ አብዱልፈታሕ የመናዊ ነጋዴ ናቸው፤ ድሬዳዋ ሱቅ ስለነበራቸው አማርኛቸው የተባ ነው። መጀመሪያ የጠረጠሩት ባንቲሁንን ነበር። «ሳይሄድ ሄድኩ እያለ ይሆናል» አሉና የመጋዘኑን ዘበኛ ሀምዱን አብሮት እንዲጓዝ አዘዙ። ሀምዱ በርሜሎቹ ላይ ተቀምጦ ሳምንት ሙሉ የባንቲሁንን ማጅራት ሲመለከት ከረመ። ባንቲሁንም እንደሚሰለል ገብቶታል፤ ለምን ብሎ ግን አልጠየቀም።

በሳምንቱ ሀምዱ ለጌታው «ሁሉንም ይሄዳል፤ አንድም አያጎድልም» አላቸው።

ያን ጊዜ ጥርጣሬው ዞረ። ሀጂ ባንቲሁንን ራስ ዲካ ሰፈር ወዳለው መጋዘናቸው ጠሩትና በሩን ዘጉ።

«አንተ በአንድ ቆርቆሮ ዘጠኝ ከሄድክ እሸቴ ለምን ስድስት ይሄዳል? መኪናው ያው፣ መንገዱ ያው።»

«እኔ እንጃ፣ ሀጂ።»

«እኔ አውቃለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ቤንዚኔን ሲሸጥ ኖሯል። ለፖሊስ እናገራለሁ።»

«የሰው እግር እኮ ይለያያል» አለ ባንቲሁን። «ባቡር ላይ ሳለሁ አብሬው የሠራሁት ሽማግሌ ነጂ፣ ጣቢያው ሳይደርስ እንፋሎቱን ይዘጋውና ባቡሩ በገዛ ክብደቱ ይገባል። እኔም የወደቡ በር ከሩቅ ሲታየኝ እግሬን ከቤንዚን መስጫው ላይ አነሳለሁ። ሲጭኑልኝ ሞተር አጠፋለሁ።»

«በእግር ብቻ? ልጅ አታድርገኝ!»

ባንቲሁን ከመጋዘኑ ሲወጣ የሀጂ ጥርጣሬ አብሮት ወጣ። እውነት እግር ብቻ ነው? የእሸቴ ቤት በቅርቡ አዲስ ጣሪያ ለብሷል። ግቢው ውስጥ ባዶ የቤንዚን ቆርቆሮ ተደርድሯል። እርግጥ ጅቡቲ ውስጥ ያ ቆርቆሮ የሌለበት ቤት የለም፤ የሰፈሩ ሁሉ ውሃ መቅጃ እሱ ነው። ቢሆንም ትናንት እቃ የነበረው ነገር ዛሬ ምስክር መስሎ ታየው።

እሁድ ዕለት በሽተኛውን ሊጠይቅ ሄደ። የእሸቴ ሚስት አልጋነሽ ግባም አትግባም ሳትለው በሩ ላይ ቆመች።

«ቤንዚን ይበረክትልሃል አሉ። ሰው ሥራውን ቢያውስህ ስሙንም ጨምረህ ልትወስድ ነው?»

«እትዬ አልጋነሽ፣ እኔ ክፉ ቃል አልተናገርኩም።»

«ደግ ቃልስ ተናግረሃል?»

እሸቴ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ከውስጥ ወጣ። የባንቲሁን ዓይን ወደ ቆርቆሮዎቹ ሲሸሽ አየው። «ቁጠራቸው እንጂ፣ ምን ታፍራለህ?» አለው። ባንቲሁን ሳይቀመጥ ተመለሰ።

በማግስቱ ሀጂ ዘንድ ሄደ። «ለፖሊስ ከመናገርዎ በፊት ይሞክሩት። ክንዱ ሲድን ይንዳ፤ ቤንዚኑን እርስዎ ራስዎ ይጨምሩ፤ ሀምዱ አይለየው።»

«ሌብነቱን ለመሸፈን ሆን ብሎ ያቃጥለዋላ!»

«እንግዲያው መፈተኑን አይንገሩት» አለ ባንቲሁን። ይህን ሲል አፉን መረረው።

እሸቴ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ወደ ሥራው ተመለሰ። በተመለሰበት ቀን ሀጂ አስቀድመው ከመቀመጫው ሥር ያለውን የቤንዚን ጋን አስደርቀው፣ አንድ ቆርቆሮ ቤንዚን ገልብጠው፣ የጋኑን መክደኛ በሰም አተሙት። ሀምዱ ጭነቱን እንደሚጠብቅ ሆኖ ተሳፈረ።

ባንቲሁን ወደብ ላይ ጆንያ እያወረደ ያይ ነበር። እሸቴ በሩ ድረስ እየጋለበ ይመጣና ፍሬኑን ይረግጠዋል። ከፊቱ ግመል ወይም ጋሪ ሲያጋጥመው ሞተሩን በቆመበት ያስጮኸዋል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ብቻ የሚሳበውን የአየር መዝጊያ ሳይመልሰው ስለሚነዳ ከኋላው ጥቁር ጭስ ይጎትታል። በርሜል ሲጫንና ሲወርድም ሞተር አያጠፋም፤ ማንቬላውን ክንዱ ሳይሰበርም ይፈራው ነበር። ስድስተኛውን ጭነት አራግፎ ሲመለስ መኪናው ሁለት ጊዜ አስሎ መንገድ ላይ ቆመ።

ሀጂ ወሬው ደርሷቸው በጋሪ መጡ። ሰሙ አልተነካም። ጋኑ ውስጥ ዘንግ ቢያስገቡ ደርቆ ወጣ።

«ወላሂ ዓይኔን አልነቀልኩም፤ ጠብታ አልተቀዳም» አለ ሀምዱ። «የሰገድኩትም እዚሁ ጎማው ሥር ነው።»

እሸቴ ሰሙን አየ፤ ቀጥሎ ሮጦ የደረሰውን ባንቲሁንን አየ። ነገሩ ገባው።

«አንተ ነህ ያስፈተንከኝ?»

«ከፖሊስ እንድትተርፍ ብዬ ነው፣ ጋሼ እሸቴ።»

«ጠርጥረኸኛል ወይስ አልጠረጠርከኝም? እሱን ብቻ ንገረኝ።»

ባንቲሁን መዋሸት ይችል ነበር። «ጠርጥሬሃለሁ» አለ።

እሸቴ መኪናው ውስጥ ገብቶ መሪውን ይዞ ተቀመጠ።

ሀጂ ስለ ሌብነት ዳግመኛ አላነሱም፤ ይቅርታም አልጠየቁም። ቤንዚን ቆጣቢውን ባንቲሁንን ግን በሹፌርነት ሊያስቀሩት ፈለጉ። እምቢ አለ። «አንድ ሳምንት ከእሸቴ ጎን ልቀመጥ፤ ከዚያ እሱው ይንዳ» አላቸው።

ያ ሳምንት ረጅም ነበር። እሸቴ አላናገረውም። ባንቲሁን በየማራገፊያው ሞተሩን ያጠፋና ራሱ ወርዶ ያስነሳለታል። «አውራ ጣትህን ከጣቶችህ ጋር በአንድ ወገን አድርገው፤ ብረቱ ቢመለስ እጅህን ለቆ ይሄዳል» ይለዋል። በአራተኛው ቀን እሸቴ ራሱ ወርዶ ማንቬላውን አዞረው። የወደቡ በር ከሩቅ ሲታየው እግሩን ሲያነሳም ባንቲሁን ወደ ባሕሩ ዞሮ ያላየ መሰለ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቆርቆሮ ስምንት ምልልስ ያስኬድ ጀመር።

ባንቲሁን ወደ ጆንያው ተመለሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሀጂ ሌላ መኪና ገዙና እንዲነዳው ለእሱ ሰጡት። ከእሸቴ ጋር በአምቡሊ መንገድ ሲተላለፉ ሁለቱም እጃቸውን ያነሳሉ። አልጋነሽ ግን ለጠበልም ሆነ ለበዓል ቤቷ አልጠራችውም፤ እሱም አልወቀሳት።