ሸኮ ድረስ ያስኬደኝ የመጽሐፍ ገጽ

ነገሩ የደረሰብኝ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግድም፣ ቴፒ ስኖር ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። የዚያን ቀን ሩጫና አንዲት የማላውቃቸው እናት ያደረጉልኝን ግን አልረሳሁም።

እናቴ አንገቷ ላይ የነበረው እንቅርት እያደገ ሄዶ ትንፋሽ ያሳጣት ጀምሮ ነበር። ጅማ ለቀዶ ሕክምና ተቀጠረች። ይህ ካመለጠ ሌላው ቀጠሮ መቼ እንደሚሆን የሚያውቅ አልነበረም። ከዚያ በፊት በአውቶቡስ ልወስዳት ሞክሬ፣ በአቧራውና በሰው ብዛት ስለታፈነች ግማሽ መንገድ ላይ ወርደናል። የቀረችኝ ተስፋ አሮጌ መኪናዬ ነበረች።

እሷም ታማ ነበር። ሞተሯ ውስጥ ያለው ሰንሰለት ላልቶ ይንኳኳል። በከተማው የማምነው መካኒክ ለቅሶ ብሎ ቦንጋ ሄዷል። መጠበቅ አቃተኝና ሞተሩን ራሴ ፈታሁት። አዲሱን ሰንሰለት ልገጥም ስል ግን ሰንሰለቱ የሚዞርባቸው የላይኛውና የታችኛው ጥርስ በየትኛው ምልክት ላይ መዋል እንዳለባቸው አላውቅም። በግምት ገጥሜ ባስነሳት ቫልቩ ከፒስተኑ ይጋጭና ሞተሩ አለቀለት ማለት ነው። ያላስቸገርኩት ሾፌር የለም። አንዱ እንዲህ ይላል፣ ሌላው እንዲያ። የመኪናዋ መጠገኛ መጽሐፍ ያለው ሰው ግን አላገኘሁም።

ለጉዞ በምንነሣበት ቀን ዋዜማ ጠዋት፣ የእጄን ግራሶ የማስለቅቅበት የዱቄት ሳሙና ሰፈር ካለው ከነስሩ ሱቅ ገዛሁ። ነስሩ የጅማ ልጅ ነው፤ ሁሉን ነገር በወረቀት ጠቅልሎ ይሸጣል። ቤት ደርሼ ወረቀቱን ስፈታ ክው አልኩ። የራሴ መኪና ሞተር ሥዕል ነው! ሳሙናው መሬት ላይ ተበተነ።

እየሮጥኩ ተመለስኩ። ነስሩ ከባንኮኒው ሥር የተገነጣጠለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አወጣልኝ። የመኪናዬ መጠገኛ መጽሐፍ ነው።

«አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ ከአሮጌ ወረቀት ጋር ነው የገዛሁት» አለኝ።

ገጹን እየገለጥኩ ስለ ሰንሰለቱ የሚያወራው ጋ ደረስኩ። «ምልክቶቹን በሚቀጥለው ሥዕል መሠረት አስተካክል» ይላል። ቀጣዩ ገጽ የለም። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ተገንጥሏል።

«የቀረውስ?»

«ትናንት ወይዘሮ አስቴር ወሰዱት። ኮረሪማ የሚያመጡልኝ የሸኮዋ። ለቤታቸው ግድግዳ ወረቀት ስጠኝ ሲሉኝ፣ ሥዕል ያለበትን መርጬ ሰጠኋቸው።»

ቡና ሊጭን ወደ ሸኮ በሚሄድ አይሱዙ ላይ ተንጠለጠልኩ። ሾፌሩ በየመንደሩ ይቆማል፤ ይወርዳል፤ ሰላምታ ይለዋወጣል። ወርጄ በእግሬ ልሮጥ ሁሉ አማረኝ።

ሸኮ ደርሼ ቤቱን ጠይቄ ስገባ ድግስ የመሰለ ግርግር ነበር። ግቢው ተጠርጓል፣ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል። ለካ በዚያው ቀን የወይዘሮ አስቴርን ልጅ ለማጨት ሽማግሌ ይመጣል። ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር በአዲስ ወረቀት አሸብርቋል። እኔ ሰላምታዬን እንኳ በቅጡ ሳልጨርስ አንገቴን አጣምሜ የገጹን ቁጥር መፈለግ ጀመርኩ።

«ልጄ፣ ምን ጠፋብህ?» አሉኝ ወይዘሮ አስቴር።

አገኘሁት። ግን የምፈልገው ሥዕል ያለው በጀርባው፣ ጭቃው ላይ በተለጠፈው በኩል ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እናቴን፣ ቀጠሮውን፣ ሞተሩን።

ከዚያ «አሁን እንዴት ነው የምትተነፍሰው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ተቀምጣ ነው የምታድረው። ጋደም ካለች ያፍናታል።»

ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ውሃ አሙቂ።»

«እማዬ! ሽማግሌዎቹ እኮ መንገድ ላይ ናቸው!»

«ይምጡ። ለግድግዳው ነው እንዴ የሚመጡት?»

የዱቄቱ ሙጫ ገና በደንብ አልደረቀም። በጨርቅ እያረጠቡ፣ በጥፍራቸው ቀስ እያሉ ላጡት። አጠገቡ ያሉት ወረቀቶችም አብረው ተቀደዱ። ከእንግዶች መቀመጫ ፊት ለፊት ጭቃው አፍጥጦ ቀረ። ሥዕሉ አፈር ቢነካውም ምልክቶቹ ይታያሉ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዘው ወደ በሩ ገፉኝ።

«ሂድ፣ ሂድ! መኪና ያመልጥሃል!»

ቴፒ ስደርስ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። ምልክቶቹን አገናኝቼ ገጠምኩ። መጀመሪያ ሞተሩን በእጄ አዞርኩት፤ የሚጋጭ የለም። ቁልፉን ሳዞር ተነሣ። እናቴ በረንዳ ላይ ሆና አለቀሰች።

ጅማ በሰላም ደረስን። ቀዶ ሕክምናው ተሳካ። ከዳነች በኋላ አብረን ሸኮ ሄድን። ሁለቱ ሴቶች ተቃቅፈው ረጅም ጊዜ ቆዩ። ወይዘሮ አስቴር የዚያን ቀን ነገር ሲነግሩን እየሳቁ ነበር። ሽማግሌዎቹ ክፍቱን ቦታ አይተው «ምን ሆነ?» ብለው ጠየቁ፤ እሳቸውም የሆነውን ነገሯቸው። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ «ለማያውቁት ሰው እናት ግድግዳ የሚልጥ ቤት ካገኘን ሌላ ምን እንጠይቃለን?» ብለው ነገሩን በዚያው ቋጩት። ልጅቷም ተዳረች።

ዛሬ መኪናዬ ስትበላሽ ስልኬን ከፍቼ የፈለግሁትን ሥዕል ከነማብራሪያው አገኛለሁ። ደስ ይለኛል። ግን ኔትወርኩ ደክሞ ስልኩ ላይ ያለችው የመጠበቂያ ክብ መሽከርከር ስትጀምር አንድ ቦታ መቀመጥ ያቅተኛል። እነሣለሁ፣ እቀመጣለሁ። ሰው «ምነው፣ ምን አቁነጠነጠህ?» ይለኛል። እኔ ግን በዚያች ሰዓት አይሱዙ ላይ ተንጠልጥዬ ወደ ሸኮ እየሄድኩ ነው።