ማላኪ የእህቱን ካፖርት የለበሰ ዕለት

ማላኪ ጎርምሊ ሰባ ሊሞላው ትንሽ ቀርቶታል። በመንደሩ በድሩምካሽል ግን የሚታወቀው በዕድሜው ሳይሆን በምላሱ ነው። ቄሱን «ስብከትዎ ከዝናባችን ይረዝማል» ያለ ሰው ነው። ሥራ ሲመጣም የሚሠራው ያው ምላሱ ብቻ ነው። አባቱ ሲሞት እንደ አገሩ ወግ መሬቱን ለወንድ ልጁ ተወለት፤ ጭቃ የምትረግጠው፣ ላም የምታዋልደው ግን እህቱ አትራክታ ናት። ሁለቱም አላገቡም። ማላኪ ሲጠየቅ «የምትመጥነኝ ጠፍታ ነው» ይላል። አትራክታ ደግሞ «አንድ ወንድ መቀለብ አነሰኝ?» ትላለች።

ዘንድሮ ብርዱ ሲለቅ አትራክታ ያቺን ጠባብ መስካቸውን በኤሌክትሪክ ሽቦ ሸነሸነቻት። ሰንጋዎቹ አንዱን ክፍል ግጠው ሲጨርሱ ወደሚቀጥለው ታሻግራቸዋለች፤ የተጋጠው እስኪያገግም ይታጠራል።

«መሬት ነው ዳቦ የምትቆራርሺው?» አላት ማላኪ።

«አንተ ቁርስህን ብላ።»

ሳሩ ግን አሳፈረው። ፊላ ብቻ ይበቅልበት የነበረው ቦታ ለመለመ፤ የሰንጋዎቹም ጀርባ ሰፋ። ማላኪ ይህን ባየ ቁጥር ይበሳጫል፤ መሬቱ ካማረ ለመሸጥ ሰበብ ያጣልና። አንድ የደን ኩባንያ መሬቱን ገዝቶ ጽድ ሊተክልበት ይፈልጋል፤ እሱ ደግሞ «እስከ ገና አልሸጥም» ብሎ ለእህቱ ምሎላታል። አትራክታ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ለመሆን ሆስፒታል በገባች ማግስት መሐላውን ረስቶ ለኩባንያው ሰው ደወለና «ና» አለው። በአካል ተያይተው አያውቁም።

በቀጠሮው ጠዋት ከብቶቹ እሪ አሉ። ክፍላቸውን ላጭተው ጨርሰዋል። ማላኪ ሽቦውን ከፍቶ ዱላውን ሲያወዛውዝ ተግተልትለው ወደ ጥግ ሸሹ። ቢሰድባቸው ባሰባቸው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስድብ አለቀበትና ለእህቱ ደወለ።

«ዱላ ይዘሃል አይደል?» አለችው።

«ታዲያ አበባ ልያዝላቸው?»

«እነሱ የሚያውቁት እኔን ነው። ቀዩን የዝናብ ካፖርቴን ልበስ፣ ሻሼን እሰር። ከፊታቸው ቁምና ‹ኑ የኔ ቆንጆዎች› በላቸው። በቀጭን ድምፅ፣ እሺ?»

«አብደሻል! ሰው ቢያየኝስ?»

«እና ይራቡልህ?»

መንገዱ ጭር እስኪል ጠበቀና ለበሰ። «ኑ የኔ ቆንጆዎች» ሲል ሰንጋዎቹ ጆሯቸውን አቁመው እየዘለሉ መጡ። አንዱማ እጅጌውን ላሰው። እውነቱን እንናገር ከተባለ ደስ አለው፤ እስከዚያን ቀን እሱ ጠርቶት እየሮጠ የመጣ ፍጡር የለም።

ሽቦውን መልሶ ሲዘጋ ከኋላው መኪና ቆመ።

«ወይዘሪት ጎርምሊ? ከደን ኩባንያው ነኝ። ሆስፒታል ገብተዋል ተብዬ ነበር እኮ!»

ማላኪ ሻሹን ወደ ግንባሩ ሳበ። በዚህ ልብስ «ማላኪ እኔ ነኝ» ከማለት ሞት ይሻለዋል።

«ዳንኩ» አለ አንገቱን እንደ ደፋ፣ በዚያው ቀጭን ድምፅ።

«እግዜር ይመስገን። እኔ እንኳ ወንድምዎን ነበር የፈለግሁት። እርስዎ በሌሉበት እንድመጣ ነግረውኝ።»

«ሌላስ ምን ብሎሃል?»

ሰውየው አፈረ። «ያው... ‹ስትመለስ መሬቱም ከብቶቹም ተሸጠው ብታገኝ አልቅሳ አልቅሳ ይወጣላታል፤ የት ትሄዳለች?› አሉኝ። እኔንማ ከበደኝ።»

በስልክ ሲናገረው ጨዋታ መስሎት ስቆበታል። አሁን በእሷ ካፖርት ውስጥ ቆሞ ሲሰማው ጆሮው ጋለ። ምን ዓይነት ውሻ ነኝ፣ አለ በልቡ።

«ወንድሜ መሬቱን አይሸጥም» አለ።

«እሳቸው ግን በስልክ...»

«እሱን ለእኔ ተወው። ምላስ ብቻ ነው። አይሸጥም አልኩህ!»

ሰውየው መኪናውን አዙሮ ሄደ። ማላኪ ካፖርቱን ሳያወልቅ ለአትራክታ ደወለ።

«ገቡልህ?» አለችው።

«ገቡ። ስሚኝማ፣ መሬቱን በሁለታችን ስም እናድርገው።»

«ምን አጥፍተህ ነው?»

ማላኪ እርጥቡ ሳር ላይ ቁጭ አለና ሁሉንም ነገራት።