እንቁላል ሲመታ የሰማሁት ተረት

ልጅ ሳለሁ በእኛ ቤት ተረት የሚነገረው እንቁላል ሲመታ ነበር። ያሳደገችኝ አክስቴ አስካለ፣ እኔ «እቴቴ» የምላት፣ ካዛንቺስ በአንድ የፈረንጅ ቤተሰብ ቤት ብዙ ዓመት ምግብ አብስላለች። ሰዎቹ አገራቸው ሲመለሱ የፓይ መጋገሪያ ትተውላት ሄዱ፤ ማዳሟ ከእናቷ የተማረችውን የቸኮሌት ፓይ አሠራርም እቴቴ በቃሏ ይዛ ቀረች። ጾም ባልሆነ እሁድ፣ እጇ ላይ ካካዎ ካለ፣ ትሠራልን ነበር።

ኦቭን የሚባል ነገር በግቢያችን አልነበረም። እቴቴ ፓዩን እንደ ድፎ ዳቦ በትልቅ ብረት ድስት ነበር የምትጋግረው፤ ከታች የከሰል ምድጃ፣ ከላይ ክዳኑ ላይ ፍም። በመጀመሪያ የፉርኖ ዱቄቱን በገበታ ቅቤ አሽታ፣ መጋገሪያው ላይ ዳምጣ ታበስለዋለች። ከዚያ ወተቱን ከካካዎ፣ ከስኳርና ከእንቁላል አስኳል ጋር እስኪወፍር ታማስለዋለች። ያኔ ሽታው ከማድ ቤት ወጥቶ ግቢውን ሲያዳርስ፣ የጎረቤታችን ልጅ ሰሚራ ሳትጠራ ትመጣና በሩ ላይ ቆማ «እቴቴ፣ የምላላክሽ ነገር አለ?» ትል ነበር።

የእኔ ሥራ ነጩን መምታት ነበር። የእንቁላሉ ነጭ ከስኳር ጋር አረፋ ሆኖ እንደ ባዘቶ እስኪቆም ድረስ ይመታል፤ ፓዩ ላይ ተከምሮ ጫፍ ጫፉ ቡናማ እስኪል የሚጠበሰው እሱ ነው። በእጅ ሲመታ ክንድ ያዝላል። መምቻውን እንዳልጥለው እቴቴ አጠገቤ ዱካ ላይ ትቀመጥና ተረት ትጀምርልኛለች። ታሪኩ ሲሞቅ እጄም ይፈጥናል። በመጨረሻ ጎድጓዳውን ሳህን ተቀብላ አናቴ ላይ ትገለብጠዋለች፤ አረፋው ካልወደቀ ደርሷል ማለት ነው። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እጮሃለሁ፣ ሰሚራ ከእኔ ብሳ ትጮሃለች።

እናቴን የማውቃት በፎቶ ነበር። ለሥራ ቤሩት ስትሄድ ጡት ከጣልኩ ብዙም አልቆየሁም። ስልክ ስትደውል «ማርቲዬ፣ ደህና ነሽ?» ትለኛለች፣ እኔም እጀታውን ቶሎ ለእቴቴ እሰጣለሁ። ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ከፋሲካ በኋላ ተመለሰች። ፀጉሯን ተሠርታ፣ የማላውቀው ሽቶ ተቀብታ፣ የአልጋችን ጫፍ ላይ እንደ እንግዳ ተቀመጠች። ያመጣችልኝን አሻንጉሊት ተቀበልኩ፤ ስታቅፈኝ ግን እንደ እንጨት ደረቅሁ። ለቀናት አንድ ቃል አልተናገርኳትም። ወሎ ሰፈር ቤት እንደተከራየችና ይዛኝ ልትሄድ እንደሆነ ለእቴቴ ስትነግራት ከመጋረጃው ጀርባ ሰምቻለሁ።

በእሁዱ እቴቴ ፓይ ጀመረች። አመሻሹ ላይ መብራት ጠፋና ፋኖስ ተለኮሰ። እኔ ሳህኑን በጉልበቴ ይዤ መምታት ጀመርኩ። እናቴ ከፋኖሱ ማዶ ተቀምጣ ታየኛለች።

«የቱን ልንገርሽ?» አለች እቴቴ።

«የቆቋን።»

ሁለቱ እህትማማቾች፣ እቴቴና እናቴ፣ በልጅነታቸው ከአባታቸው የሰሙት ተረት ነው፤ እኔ ሁልጊዜ የምጠይቀውም እሱን ነበር። ቆቋ ለጫጩቶቿ እህል ፍለጋ ወንዝ ትሻገራለች። ማዶ ሳለች ወንዙ ይሞላል። ክንፏ በዝናብ ከብዶ መብረር ስላቃታት እዚያው ትቀራለች፤ ጫጩቶቹንም ኤሊ ታሳድጋቸዋለች። እቴቴ እንደ ልማዷ ድምፅዋን እያወፈረች ኤሊዋን፣ እያቀጠነች ጫጩቶቹን ሆና ተረከችው።

«ክረምቱ አለፈ፣ ወንዙም ጎደለ» አለች። «ቆቋም እህሏን በአፏ ይዛ ተመልሳ መጣች። መጣችና ደጅ ላይ ቆማ . . .»

ወደ እናቴ ሳታይ ተነሣችና «ፍሙ እንዳይከስምብኝ» ብላ ወጣች።

ያኔ እናቴ ከፋኖሱ ማዶ፣ ልክ እንደ እቴቴ ድምፅዋን አቅጥና፣ ቀጠለች።

«ደጅ ላይ ቆማ ተጣራች። ጫጩቶቹ አላወቋትም፣ ኤሊዋ ሥር ተደበቁ። ደግማ ተጣራች። ሦስተኛ ስትጣራ ትንሿ ጫጩት ብቅ ብላ . . .»

«እንደሱ አይደለም!» አልኩ።

መምቻውን አቁሜ ነበር። በሕይወቴ ፊት ለፊት የተናገርኳት የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው።

«እንዴት ነው ታዲያ?» አለችኝ።

«ማንም አይወጣላትም። በርራ ትሄዳለች። ጠዋት ጠዋት ቆቅ የምትጮኸው ልጆቿን እየጠራች ነው።»

«እኔ የሰማሁት ግን ጫጩቷ ትወጣለች» አለች እናቴ። «ቶሎ አትወጣም። ቆቋ ደጅ ላይ ብዙ ትቆያለች። መቆም ቢሰለቻትም አትሄድም።»

«ማን ነገረሽ?»

«አባዬ።»

እቴቴ ፍም በአካፋ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «እውነቷን ነው» አለች። «እሷ ትንሽ ሆና ቆቋ ስትሄድ አልቅሳ አልቅሳ ቤቱን አስቸገረች። አባዬ ለእሷ ብሎ ቀየረው።»

እናቴን አየኋት። ያች ሽቶ የተቀባች ሴትዮ በተረት ታለቅስ እንደነበር ማሰብ ከበደኝ፤ ደግሞም ደስ አለኝ። ያኔ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሳህኑን ገፋ አደረግሁላትና «ክንዴን ደከመኝ» አልኳት። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። መምታት አትችልበትም ነበር፣ አረፋውን ጉንጯ ላይ ረጨችው። እቴቴ ሳህኑን ስትገለብጠው ሁለታችንም አናታችንን ሥሩ ደቀንን፤ አረፋው አልደረሰም ኖሮ ግማሹ የእናቴ የተሠራ ፀጉር ላይ ዘፍ አለ። ለካ ሳቋ የእቴቴ ሳቅ ነው፤ ሁለቱ ሲስቁ ማን የቱ እንደሆነች አይለይም።

የዚያን ቀን ፓይ አረፋው በአንድ በኩል ሳስቶ፣ በሌላው በኩል አርሮ ወጣ። እስኪቀዘቅዝ አልጠበቅንም፤ ቸኮሌቱ እየፈሰሰ በማንኪያ በላነው፤ ለሰሚራም ተላከላት።

ክረምት ከመግባቱ በፊት ወሎ ሰፈር ከእናቴ ጋር ገባሁ። እሁድ እሁድ ካዛንቺስ እንመጣ ነበር፤ ግቢው ሲፈርስ ደግሞ እቴቴ ወደ እኛ መጣች። ዛሬ ሁለቱም አርጅተው በጨው መጠን ይጨቃጨቃሉ። ለእኔ ግን ከዚያ ምሽትም በላይ ጎልቶ የቀረው ከብዙ ዓመት በኋላ እቴቴ ያለችኝ ነገር ነው። ልጄን ታቅፋ ሳለ «ግን አንቺስ፣ ቆቋ ስትሄድ አላለቀስሽም ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እንዴት አላለቅስም?» አለች፣ የልጄን ካልሲ እያስተካከለች። «እኔ ግን ትልቋ ነበርኩ፤ ለትልቅ ልጅ ማን ተረት ይቀይራል?»

ያን ሁሉ ዓመት ያን ተረት ስትነግረኝ፣ ደጅ ላይ የቆመችውን ቆቅ ነበር የማስበው፤ ጫጩቶቹ ከሄዱ በኋላ ኤሊዋ ምን እንደሆነች አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። አባታቸውም የነገራቸው አይመስለኝም። ለልጄ ስነግራት ግን ከራሴ እጨምርበታለሁ፤ ጫጩቶቹ ከእናታቸው ጋር ሲሄዱ ኤሊዋንም ይዘዋት ይሄዳሉ።