ከአምፕሊፋየሩ ስር የገባው ዳንቴል

ባሌ ሲሞት ሳሎናችን ውስጥ የቀረው ትልቁ ዕቃ ሞንታርቦው ነበር። ለሰርግና ለመውሊድ የሚያከራየው የድምፅ መሣሪያ ነው፤ ደረቴ ድረስ የሚደርሱ ሁለት ስፒከሮችና ሁለት ሰው ካልተጋገዘ የማይነሳ አምፕሊፋየር። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ያለው ቤታችን ጠባብ ስለሆነ ለቅሶ የመጡት ሰዎች ዙሪያውን ተቀመጡ። አንዳንዱ የሻይ ብርጭቆውን ላዩ ላይ ያስቀምጥ ነበር። እሱ ቢኖር አይፈቅድም ነበር።

የሐዘን ጊዜዬን፣ ዒዳዬን፣ እስክጨርስ ከቤት አልወጣሁም። ስጨርስ የባሌ ታናሽ ወንድም መጣ። ሹፌር ነው፤ ዕቃውን በአይሱዙው የሚያመላልሰው እሱ ነበር።

«አብሽሪ እትዬ፣ ፒያሳ ገዢ አግኝቻለሁ» አለኝ። «ይህን ብረት ታቅፈሽ ምን ትሆኛለሽ?»

«ኮምቦልቻ ቃል የገባበት ሰርግ አለ።»

«ቃል የገባው እሱ ነዋ።»

«እና እሱ ስለሌለ ሙሽራዋ ሳታገባ ትቅር?»

ሳቀ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ሰው ሳስቅ የመጀመሪያዬ ይመስለኛል። እንዲህ ተስማማን፦ የኮምቦልቻውን ሰርግ እንሠራለን። ዕቃው በደህና ከተመለሰ ሥራው የእኔ ነው። አንድ ነገር ከተሰበረ የተረፈውን ለፒያሳው ሰው እንሰጣለን። አምፕሊፋየሩ አንድ ብቻ ነው፤ ሌላ የምገዛበት አቅም አልነበረኝም።

ሥራውን የማውቀው አብሬው እየሄድኩ በማየት ነው። ዳስ ውስጥ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ ውሃ ይረጫል፣ እግር ይበዛል። ስለዚህ አምፕሊፋየሩ መሬት አይቀመጥም፤ ስፒከሩ ላይ ይወጣል። ስፒከር ግን ጠረጴዛ አይደለም። ዘፈኑ ሲደምቅ ሳጥኑ ይንቀጠቀጣል፤ ላዩ ያለው ነገር ሳይታወቅ ቀስ እያለ ወደ ጠርዝ ይሄዳል። ባሌ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የቆረጠውን ጥቁር ላስቲክ መጀመሪያ ያነጥፋል። ከዚያ የአምፕሊፋየሩን ከባድ ጎን ወደ ኋላ አድርጎ ያስቀምጣል፤ ከስፒከሩ ጋር በጭነት ማሰሪያ ቀበቶ ያስረዋል። ሽቦውንም አይወጥረውም፤ ሰው ቢያደናቅፈው ዕቃውን ይዞት እንዳይመጣ መሬት ድረስ ያላላዋል። በመጨረሻ በመዳፉ ይገፋዋል። ሳጥኑ አብሮ ከተነቃነቀ ታስሯል ማለት ነው። አምፕሊፋየሩ ብቻውን ከተነቃነቀ እንደገና ይጀምራል።

ኮምቦልቻ ስንወርድ ደሴ የለበስኩት ሹራብ ከበደኝ። ዳሱ ውስጥ ሁሉንም ባሌ ያደርግ እንደነበረው አደረግን። ላስቲኩን እኔ አነጠፍኩ፣ ቀበቶውን ወንድሙ አጠበቀ። ገፋሁት፤ ሳጥኑ አብሮ ተነቃነቀ። ኒካሁ ታስሮ ምሳ ሲቀርብ ሴቶቹ እጄን ይዘው ወደ ቤት አስገቡኝ። ሐዘንተኛ ናት ብለው ሥጋውን እየመረጡ ያጎርሱኝ ነበር። ምንም አልጣፈጠኝም፤ ግን በላሁ።

ስመለስ ዘፈኑ ደምቆ፣ ጭፈራው ጦፏል። ወደ አምፕሊፋየሩ አየሁ። ከስሩ ነጭ ነገር ወጥቶ በስፒከሩ ፊት ተንጠልጥሏል። ዳንቴል ነበር። ቀበቶው የለም፤ ላስቲኩም የለም። አምፕሊፋየሩ በዳንቴሉ ላይ እየተንሸራተተ ከጠርዙ አልፎ ወጥቷል። ከስሩ ምንጣፍ ላይ ሕፃናት ተቀምጠው ዳቦ ይበላሉ።

በጨፋሪዎቹ መሃል ገፍቼ አለፍኩ። ማንን እንደገፋሁ አላውቅም። ደረቴን ለአምፕሊፋየሩ ሰጠሁት፤ ክብደቱ መጣብኝ። የባሌ ወንድም ከማዶ አይቶኝ ሮጦ ደረሰና በሌላው በኩል ያዘው። ተጋግዘን ወደ ኋላ መለስነውና ማብሪያውን አጠፋሁት። ዳሱ ጸጥ አለ።

«ላስቲኩን ማነው ያነሳው?»

«እኔ ነኝ» አሉ የሙሽራዋ እናት፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «በልጄ ሰርግ ጥቁር ጎማ! ልጅ ልድር ነው ወይስ ጋራዥ ልከፍት? ሰው አስይዤ አስነሳሁት። ለዚህች ቀን ብዬ የሠራሁት ዳንቴል ነው።»

ሰው ሳቀ። እኔ ወደ ልጆቹ አመለከትኩ።

«እትዬ፣ ዳንቴሉ ያንሸራትታል። እነዚህ ልጆች ላይ ሊወድቅ ነበር።»

«ክር እኮ ነው! ክር ምን አቅም አለው?»

«እጅዎን ያምጡ።»

አምፕሊፋየሩን ወደ ወንበር አወረድነው። ዳንቴሉን በስፒከሩ አናት ላይ ዘርግቼ መዳፋቸውን አስቀመጥኩበት። «ይግፉት» አልኳቸው። ገፉት፤ ዳንቴሉ እንደ ሳሙና ሄደ፤ እሳቸውም ተከትለውት ዘንበል አሉ። ወደ ሕፃናቱ ዞረው አዩ። ከመሃላቸው አንዷ የልጅ ልጃቸው መሆኗን ያወቅሁት ያኔ ነው።

«ያ ረቢ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ጎማውንና ቀበቶውን አምጡ! ከወጥ ቤቱ በር ላይ ጥያቸዋለሁ። ልጆቹን ከዚህ አንሱልኝ!» አሉ።

አንድ ሽማግሌ ከጨፋሪዎቹ መሃል ጮኹ፦ «እናንተ ሴቶች፣ ቶሎ በሉ እንጂ! ትከሻችን በረደ!»

ላስቲኩን ጠርጌ አነጠፍኩ። ቀበቶውን ራሴ አጠበቅሁ። ሴትዮዋ ዳንቴሉን ይዘው ቆመዋል፤ ፊታቸው የልጅ ፊት መሰለ። ዳንቴሉን ስፒከሩ ፊት ላይ ካለው ጨርቅ ጋር በመርፌ ቁልፍ አያያዝኩላቸው። ዳንቴል ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፣ ድምፅ አይከለክልም።

«ቀበቶውስ? እንዲሁ ሊታይ ነው?»

«ይታያል እትዬ።»

«እንግዲያው ይታይ» አሉና ሙሽራዋ ወዳለችበት ሄዱ።

እስከ መጨረሻው ዘፈን ድረስ ከስፒከሩ አጠገብ ቆምኩ። ወንበር አምጥተውልኝ ነበር፤ አልተቀመጥኩም። በየዘፈኑ መሃል በመዳፌ እገፋው ነበር። ሳጥኑ በየጊዜው አብሮ ተነቃነቀ። አንዲት ከሐርቡ የመጡ እናት ጠጋ ብለው «የእኔም ልጅ ከጾም በኋላ ታገባለች፤ አንቺው ትመጫለሽ?» አሉኝ። እመጣለሁ አልኳቸው። አስቀድሜ ያሰብኩት መልስ አልነበረም።

ዕቃው ሳይሰበር ተጫነ። መንገድ ላይ የባሌ ወንድም «የፒያሳውን ሰው ምን ልበለው?» አለ።

«አትሸጥም በለው።»

«እሺ፣ እነግረዋለሁ» አለ። የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ብርድ ገባ፤ መስኮቱን ዘጋሁት። ደሴ ስንደርስ የመግሪብ አዛን እየተባለ ስለነበር ዕቃውን ሳናወርድ ሰገድን።