በረንዳው መጀመሪያ

ሰፈሩ «አፈ ቅቤ» ያላት በከንቱ አይደለም። የቤት ደላላ ናት፤ ደላላ ሁሉ ደግሞ ይዋሻል ይባላል። እሷ ግን ዋሽታ አታውቅም፣ ምን በወጣት። ተከራይ ሲመጣ መጀመሪያ በረንዳውን ታሳየዋለች፤ ነፋሱን ያጣጥም፣ ልቡ ይርጋ። ሽንት ቤቱ ጋ ሲደርሱ ሰውየው በሐሳቡ ሶፋውን አስቀምጦ ጨርሷል። «ውሃ አለ?» ካላት «ይመጣል» ትላለች። ይመጣል እኮ፤ መቼ እንደሆነ ማን ጠየቃት?

እንዲህ ያለችው ብልጥ ናት እንግዲህ በጋዜጣ የተሸወደችው።

እናታቸው ከሞቱ ወዲህ እንደ ልጇ ያሳደገችው አንድ ታናሽ ወንድም አላት፤ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ዝምተኛ ነው፤ የቤቱን ወሬ እሷ ጠቅልላ ወስዳበት ሳይሆን አይቀርም። በዚያ ሰሞን የሚነዳው አውቶቡስ መንገድ ላይ በእሳት ተያያዘ። በማግስቱ ጋዜጣው «አውቶቡሱ ሲቃጠል ሹፌሩ ቀድሞ ወረደ» ብሎ በትልቁ ጻፈ። ከሥሩ አንዲት ተሳፋሪ «ሕፃን ታቅፌ እየጮኽኩ፣ እሱ በሹፌሩ በር ዘሎ ሲወርድ አየሁት» ብላለች። ፎቶም አለ፤ ወንድሟ ከሚነደው አውቶቡስ ውጭ ቆሟል።

አፈ ቅቤ ከዚያ ወዲያ ማንበብ አላስቻላትም። እኔ ያሳደግኩት ልጅ፣ ሕፃን ጥሎ? አንገቷን ደፍታ ሰነበተች፤ እህል አልወርድ አላት። አልደወለችለትም። እሱም አልመጣ።

ታዲያ ሥራ አይቀርምና ጡረታ ለወጡ አንዲት ነርስ ቤት ልታሳይ ሄደች። የበረንዳውን በር ከፈት ስታደርግ ሴትየዋ ክንዷን ያዝ አደረጓት።

«ልጄ፣ በረንዳው የትም አይሸሽም። ሽንት ቤቱን አሳዪኝ።»

«ምነው እማማ፣ ምን አስቸኮልዎት?»

«እናንተ መጨረሻ የምታሳዩት ነው ዋናው ቤት።»

አፈ ቅቤ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ አፏ ላይ ቀረ። ጋዜጣው ቦርሳዋ ውስጥ ነበርና እዚያው በረንዳ ላይ ዘርግታ ከታች ወደ ላይ ማንበብ ጀመረች። ከማስታወቂያው በላይ፣ በደቃቁ፣ እንዲህ ይላል፦ «የተሳፋሪዎቹ በር በመበላሸቱ ከውጭ ተሰብሮ ተከፍቷል። በተሳፋሪ ላይ የደረሰ ጉዳት የለም።»

ማን ሰበረው? ጋዜጣው አይናገርም። ፎቶውን መልሳ አየች። ውጭ የቆመው ማን ሆነና!

ጋዜጣው አንዲት ቃል አልዋሸም። እሷም ዋሽታ አታውቅም። የገዛ ሙያዋ ነው የሸወዳት። በራሷ ተናደደች፤ ግን እፎይታው ንዴቱን አላስቀመጠውም፣ ደረቷ ላይ የከረመው ድንጋይ ተነሳላት። ቁልፉን ለሴትየዋ አስጨበጠቻቸው።

«ራስዎ ይዩት እማማ። ውሃው በሳምንት ሁለቴ ነው የሚመጣው፣ የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ይረጥባል» አለችና ደረጃውን ወረደችው። በደላላነት ዘመኗ እንዲህ ተናግራ አታውቅም።

ወንድሟ በሩን በግራ እጁ ከፈተላት። ቀኙ እስከ ክርኑ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ምን ነካህ?»

«የበሩ መስታወት ነው።»

«ሕፃኑስ?»

«መጀመሪያ የተቀበልኩት እሱን ነው። ደህና ነው።»

ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ሳቅም ተቀላቀለባት። «አንተ ድዳ፣ ምናለ ብትነግረኝ?»

«ትጠይቂኛለሽ ብዬ ስጠብቅሽ ነበር፣ እትዬ» አላትና ደህናውን እጁን ዘርግቶ አነሳት።